የሌለ ልጅ አድራሻ

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ልጅዎ የሚኖርበት ከተማ ማን ይባላል?»

ይህን ጥያቄ ብርቅነሽ ያን ዕለት ልትመልሰው አልቻለችም።

ጊዜው ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ የካቲት፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ እናቶችና ሦስት አራት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው መሠረተ ትምህርት ይማራሉ። ፊደል ለይተው፣ ቃል መግጠም ለምደው፣ አሁን ደብዳቤ መጻፍ ላይ ደርሰዋል። የምታስተምራቸው ውባለም የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም «እርስዎ» እያለች በአክብሮት ስለምታናግር፣ እነሱም በተራቸው እንደ ታላቅ ይሰሟታል።

የዕለቱ ትምህርት ፖስታ ላይ አድራሻ መጻፍ ነበር። አንዷ አሰብ ወደብ ለሚሠራው ባሏ ጻፈች። አንድ ሽማግሌ ወሊሶ ላለችው እኅታቸው ጻፉ። ተራው የብርቅነሽ ሲሆን ግን ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ የእሷ ደብዳቤ ባሕር የሚሻገር ነዋ! ልጇ ስለሺ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከጥር ወር ወዲህ ደግሞ «ለትምህርት ራሽያ ሄደ» ተብሎ ሰፈሩ እልል ብሎለታል።

«ከተማው እንኳ... እ...» አለች ብርቅነሽ እርሳሷን እያገላበጠች።

«ምን ከተማ ያስፈልገዋል፣ ራሽያ በቃ ራሽያ ነው!» አለች ማሚቴ ከኋላ ወንበር። ማሚቴ የብርቅነሽ የግድግዳ ጎረቤት ናት። «በረዶ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ጥቁር ልጅ ፈልጋችሁ ስጡልኝ ብለሽ ጻፊ፣ ያገኙታል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ብርቅነሽም አብራ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቷ እንደ ጋለ ብረት ሆኖ ነበር።

«ስሙ ለምላስ አይመችም፤ ጠፋኝ» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው።

ስለሺ በዚያ ሰዓት ራሽያ አልነበረም። ከአዳራሹ ጥቂት ርምጃ ብቻ ርቆ፣ በእናቱ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋድሟል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ብርቅነሽ ባሏ አቶ ዓምሃ ከሞተባት ወዲህ ጥጥ እየፈተለች፣ ፈትሏን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እየሸጠች ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ትልቋ አበራሽ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ስለሺ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኝነቱን ለማንም ሳይሰጥ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው። እናቱ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለ «ዶክተሬ» ብላ ጀመረች፤ ሰፈሩም ተቀበላትና ስሙ ተረሳ። ታዲያ ይኸው ልጅ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን መጻሕፍቱን በከረጢት ይዞ መጣና «እማዬ፣ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ገብቶ ተኛ። ተኛ ማለት ይቅር፣ ዓይኑን ከደነ። ሌሊቱን እየነቃ ቀኑን እየፈዘዘ ሰነበተ። ገላውን መታጠብ ተወ። መጽሐፍ ሲገልጥ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ይመለስበትና ይዘጋዋል።

በሳምንቱ ደበላ የተባለ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ብርድ ልብሱን ተሸክሞ መጣ። «ፈተና መሐል ተነሥቶ ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ስሙን ብቻ ነው የጻፈው» አለ። የታጠፈ ቅጽም ትቶላት ሄደ። ቅጹን ሐኪም ሞልቶት በጊዜው ከተመለሰ ልጁ ሳይባረር ዓመቱን ዐርፎ መመለስ ይችላል።

ብርቅነሽ ከአዳራሹ ውጭ በራሷ ዓይን ያነበበችው የመጀመሪያ ወረቀት ይህ ቅጽ ነበር። ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች ሄደች። «የ... አ... እ... ም... ሮ» ላይ ስትደርስ ቆመች። የአእምሮ። ወረቀቱን አጥፋ ፍራሽ ሥር ከተተችው። ፊደል ባልቆጠርኩ ብላ የተመኘችውም ያኔ ነው።

ከዚህ ሁለት ዓመት በፊት የታችኛው መንደር ልጅ ከኮሌጅ ታሞ ሲመለስ፣ ማሚቴ በዚያ ትልቅ ድምፅዋ «አብሾ ጠጥቶ ነው! ለጥናት ብሎ ጠጥቶ አናቱ ላይ ወጣበት!» ስትል ሰምታታለች። አብሾ ትምህርት ቶሎ እንዲገባ ይጠጣል የሚባል፣ መጨረሻው ግን እብደት ነው የሚባልለት መድኃኒት ነው። የዚያ ልጅ እኅትም «የእብድ ቤት ልጅ» ተብላ ሳትፈለግ ቀረች። የአበራሽ ነገር ደግሞ ጫፍ ላይ ነው። ፀሐዬ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምቷል። እናቱ ዘር ቆጥረው፣ ጎረቤት ጠይቀው የማይጠግቡ ሴት ናቸው።

እናም ጥር ላይ ማሚቴ «ዶክተሩ ከገና ወዲህ የት ጠፋብን?» ስትላት፣ ብርቅነሽ ሳታስበው «ራሽያ ላኩት» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ማሚቴ እዚያው እልልታዋን አቀለጠችው። በማግሥቱ ሦስት ሴቶች እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መጡና ጠላ ይዘው ሲጫወቱ ዋሉ። በእነሱና በስለሺ መካከል የነበረው አንድ የአቡጀዲድ መጋረጃ ነው። ልጁ ሳል ሲመጣበት ትራሱን ነክሶ ዋጠው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ይህች እናት ልጇን ጠልታ አይደለም። ሰው እንዳይጠቁምበት ብላ ከሰው መካከል አወጣችው።

አድራሻው በጠፋባት በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ ስለሺን በጋቢ ሸፍና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል አወጣችው። ሲመለሱ ፀሐይ ሞቅ ብሏል። ከሰው ለመሸሽ ዋናውን መንገድ ትታ በባሕር ዛፉ መካከል ባለው የእግር መንገድ ወረደች። ከአንድ ኩርባ ስትዞር ግን ውባለም የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ ዳገቱን ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ተራራው ላይ ባሉት መንደሮች ሕፃናት ልትከትብ መሄዷ ነበር።

«እትዬ ብርቅነሽ! እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን...» ብርቅነሽ የልጇን ጋቢ እስከ ዓይኑ ሳበችው። «የእኅቴ ልጅ ነው። ከገጠር መጥቶ... አሞት...»

ውባለም አየችው። ይህን ልጅ ታውቀዋለች። እናቱን በእጇ ይዞ አዳራሽ አምጥቶ መዝገቡ ላይ ስሟን የጻፈላት እሱ ነው። ብርቅነሽም እንደታወቀባት ከመምህርቷ ዓይን አነበበች።

«በማርያም ልጄ፣ አላየሽንም በይ።»

«አይቻለሁ እንጂ እትዬ» አለች ውባለም ቀስ ብላ። «አይቼ ግን ለማንም አላወራም። ይልቅ ቁጭ እንበል፤ ይኼ ሣጥን ትከሻዬን ቆርጦታል።»

ተቀመጡ። ስለሺ ከእነሱ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ወደ ከተማው ዞሮ ተቀመጠ። ከላይ በኩል ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲያልፉ፣ ብርቅነሽ ተንደርድራ ተነሥታ የልጇን ፊት ሸፈነች። እስኪያልፉ ድረስ እጇን አላነሣችም።

«ይተኛል?» አለች ውባለም።

«ዓይኑን ይከድናል እንጂ አይተኛም።»

«ይበላል?»

«ሁለት ጉርሻ። እሱንም እኔ ሳለቅስ።»

«ሐኪም አይቶታል?»

ብርቅነሽ እንደተሰደበች ቀና አለች። «ምን ታሞ? ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። ይኼ የሐኪም ነገር አይደለም የኔ ልጅ። የሰው ዓይን ነው ያገኘው። ጠበል ካስጀመርኩት ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።»

«ጠበሉን እሰየው። እኔም ሲያመኝ እጠመቃለሁ። ግን አምና ሳንባ ምች የያዘዎት ጊዜ ጠበሉን ጠጥተው መርፌውንም ከእኔው እጅ ተወግተዋል። ጠበሉ በመርፌው ተቀየመ?»

ብርቅነሽ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እሱና ይኼ አንድ ነው? ሳንባ ሲታመም ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል። ጭንቅላት ሲታመም በር ላይ ቆሞ አይቶሽ ይሄዳል።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። እስቲ እግሩ ቢሰበር ኖሮ ራሽያ ሄደ ይሉ ነበር?»

«ኧረ ተይኝ ልጄ።»

«አይ፣ ይመልሱልኝ እንጂ።»

«እግር ሲሰበር ማን ይሰድባል! በእግር ምክንያት ሽማግሌ ይቀራል? ለአበራሽ ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ ነው። የፀሐዬ እናት የእኛን ቤት ሰባት ቤት ቆጥረዋል። ወንድሟ አበደ ቢሏቸው ምን የሚሉ ይመስልሻል? አንዱ ልጄ ከእጄ ወጣ፤ ሁለተኛዋንም እኔው ልግፋት?»

«ከእጅዎ ወጣ ያለው ማነው? እዚህ ተቀምጧል።»

ብርቅነሽ ወደ ስለሺ ዞረች። ይህን ሁሉ የሚነጋገሩት ልጁ እየሰማ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው።

«ደግሞ ያን የእብድ ሆስፒታል ስሙን አትጥሪብኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ የገባ ሰው ቢወጣም ‹እብድ› የሚል ስም ተለጥፎበት ይቀራል። ያስሩታል ይላሉ።»

«እያሰሩ የሚያክሙበት ጊዜ ቢኖር እንኳ የስለሺ ነገር እዚያ አያደርስም። ሥራዬ ነው፣ የማውቀውን ነው የምነግርዎ። ከዩኒቨርሲቲ እየታመሙ ወደ ጤና ጣቢያችን የሚመጡ ልጆች አሉ። ሆዴን ይላሉ፣ ራሴን ይላሉ፤ ቁጭ ብለን ስናወራ እንቅልፍ ካጡ ወር ሆኗቸዋል። ስለሺ ብቻውን አይደለም።»

«ብዙ ናቸው?»

«ያልደበቋቸውን ነው እኔ የማየው።»

ይህች ቃል ብርቅነሽን ወጋቻት። ቢሆንም እጅ አልሰጠችም፤ የጉለሌ ሴት ናት። «ታዲያ ምን ይሆናሉ? ብሉ ሲባሉ ይበላሉ፣ ተኙ ሲባሉ ይተኛሉ፣ መንግሥት ያስተምራቸዋል። እኔ በአሥር ጣቴ ስፈትል ያልታመምኩ፣ እሱ ቁጭ ብሎ በማንበብ ይታመማል?»

«እሱን ለምን እኔን ይጠይቁኛል?» አለች ውባለምና ወደ ልጁ ዞረች። «ስለሺ፣ እስቲ አንተ ንገረን። ቀስ ብለህ፤ የሚያስቸኩለን የለም።»

ባሕር ዛፉ ብቻ ይንሾካሾካል። ብርቅነሽ «ተይው፣ አይናገርም» ልትል አፏን ስትከፍት ድምፁ ወጣ። ከብዙ ቀን ዝምታ በኋላ የወጣ ስለሆነ ሻክሮ ነበር።

«እዚህ አንደኛ ነበርኩ። እዚያ ስገባ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንደኛ የነበሩ ናቸው።»

«እሺ።»

«በአንድ ክፍል ስምንት ነን። አንዱ ሲተኛ አንዱ ያነባል፤ መብራት አይጠፋም። ሰው እያነበበ እኔ ስተኛ የሆነ ነገር የሰረቅሁ ይመስለኛል። አምና መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አንድ ውጤት ከወደቀ እባረራለሁ። ከክፍላችን ሁለት ልጆች አምና ተባርረዋል፤ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ማናችንም ቀና ብለን አላየናቸውም።»

«ማስጠንቀቂያ?» አለች ብርቅነሽ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ‹ዶክተሬ መጣ› ትያለሽ። እትዬ ማሚቴ ደግሞ ወገቧን ታሳየኛለች፣ ‹እስቲ ምን እንደሆንኩ እየው› ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«እኔ እኮ ላበረታህ ብዬ...»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ለጓደኛስ አትናገርም?» አለች ውባለም።

ስለሺ ትከሻውን ነቀነቀ። «ከፋኝ ካልሽ ‹ምን ከፋህ፣ ምን ጎደለህ› ይባላል። ሰው ሰውን ይፈራል። ማን ምን እንደሚጽፍ አይታወቅም።»

ውባለም ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች። ከዚያም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «በሰባ ዓመተ ምሕረት ስንት ዓመትህ ነበር?» አለችው።

«አሥራ ሦስት።»

«መንገድ ላይ ያየኸው ነገር ነበር?»

ስለሺ እናቱን ተመለከተ። መልሱን እሷ እንድትሰጥ የጠበቀ ይመስላል። ብርቅነሽ መሬቱን በጣቷ ስትጭር ቆይታ፣ «ትምህርት ቤት ስወስደው አንድ ጠዋት» አለች። «መንገዱ ላይ... እኛው ሰፈር ያደገ ልጅ ነበር ተገድሎ የተጋደመው። ኳስ አብረው ይጫወቱ ነበር። ፊቱን ያዝኩና ‹አላየህም› አልኩት። ‹ምንም አላየህም፣ እሺ?› አልኩት። እሱም እሺ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም።»

በዚያ ዘመን ስንት እናት ስንት ልጅ ላይ ይህን ቃል እንደተናገረች እግዚአብሔር ይቁጠረው። ያኔ ቃሉ የልጆችን ሕይወት አትርፎ ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ያየውን አላየህም ሲባል ያየው ነገር አይጠፋም፤ የሚናገርለት አጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

ውባለም ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣችና በእጇ ዘግና ለስለሺ ዘረጋችለት። አልተቀበለም።

«ብላ እንጂ ልጄ» አለች እናቱ። «በሞቴ፣ አንድ ጭብጥ።»

«እማዬ፣ እኔ ራሽያ ነኝ አይደል?»

«ምን?»

«ራሽያ ያለ ሰው የጉለሌን ቆሎ በምን እጁ ይበላል?»

ብርቅነሽ ቀልድ መስሏት ፊቱን አየች። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ያን ቀን ሴቶቹ መጥተው እልል ሲሉ ሰማኋቸው» አለ ስለሺ። «ለእኔ ነበር እልልታው። እኔ ትራስ ነክሼ ተኝቻለሁ። ‹እንግዲህ እኔ የለሁም ማለት ነው› አልኩ። እናቴ የምትፈልገው ልጅ ራሽያ ሄዷል፤ እዚህ የቀረው ማንም አይደለም። የሌለ ሰው ደግሞ ቢበላ ምን ያደርግለታል? አንዳንዴ ጭራሹን ሳልነቃ ባድር፣ ውሸትሽም ውሸት መሆኑ ይቀር ነበር እላለሁ።»

ብርቅነሽ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር፤ የሰው እጅ የምታይ ትመስላለች። አልበላ ያለውን፣ እሷ እያለቀሰች ጉርሻ የምታቀርብለትን ልጅ፣ ምግብ የከለከለችው ራሷ ነበረች። የሰው ዓይን ስትል የከረመችው የራሷ ምላስ ሆኖ አገኘችው። ሐፍረት ታውቃለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ተሸክማዋለች። ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ያኛው በሰው ፊት የሚያሳፍር ነው፤ ይኼኛው በልጇ ፊት።

ከላይ በኩል ደግሞ እግር ተሰማ። ሌሎች የማገዶ ተሸካሚዎች እየወረዱ ነው። የብርቅነሽ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ጋቢው ተነሣ፤ አጋማሽ ላይ ቆመና ተመልሶ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ። ልጁ ፊቱ ተገልጦ ተቀመጠ።

ከተሸካሚዎቹ አንዷ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሸክማቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ትንፋሽ ወሰዱ። «እንደምን አደራችሁ። ምነው፣ ልጅሽን አሞታል?»

ብርቅነሽ ምራቋን ዋጠች። «አዎ። አሞታል። ጭንቀት ነው።»

«ኧረ ማርያም ትማርልሽ! የወንድሜም ልጅ እንዲያ አድርጎት ነበር» ብለው ሴትዮዋ ሸክማቸውን አስተካክለው ወረዱ። ሌላ ምንም አልሆነም። ሰማዩ አልተደፋም።

«ወረቀት አለ» አለች ብርቅነሽ በድንገት። «ከዩኒቨርሲቲው የመጣ። ፍራሽ ሥር ነው። ሐኪም ይሙላው ይላል፤ እስከ የካቲት ሠላሳ።»

«አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። ለዚያ ነው የደበቅሁት።»

ውባለም ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። «ዛሬ ሃያ ስድስት ነው። አራት ቀን አለን። ሠላሳ ካለፈ ልጁ ትምህርቱን ጥሎ እንደጠፋ ነው የሚቆጠር። ታሞ ማረፍና ጠፍቶ መቅረት አንድ አይደለም፣ እትዬ። ነገ ጠዋት አብሬያችሁ እሄዳለሁ። የሚያየው ሐኪም ያናግረዋል፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ይሰጠው ይሆናል፤ የሚያስር የለም። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ጠበሉን ያስጠምቁት።»

«ለሰዉስ ምን እላለሁ?»

«ያሁኗን ሴትዮ ምን አሏቸው?»

ብርቅነሽ ከውባለም መዳፍ ቆሎውን ወስዳ ወደ ልጇ ተጠጋች። «ስለሺ» አለችው። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ በስሙ ስትጠራው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። «ይቅር በለኝ። እዚሁ ጉለሌ ነህ። ከእኔ ጋር ነህ።»

አንድ ፍሬ አነሣ። ቆይቶ ሌላ አነሣ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብርቅነሽ ማሚቴ ቤት ገባች። ለሰፈሩ ሁሉ ለመንገር ለማሚቴ መንገር ይበቃል። በር ላይ እንደቆመች፣ «ስለሺ ራሽያ አልሄደም። ታሞብኝ ቤት ነው። ዋሽቼሻለሁ» አለች።

ማሚቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «አንቺ ሴት! እኔ እኮ ሰሞኑን በግድግዳው ሳል እሰማለሁ። ሌባ ገብቷል ብዬ ዘነዘና ይዤ አድሬያለሁ!» ካለች በኋላ ሳቋ ቆመ። «ለምን ደበቅሽኝ? እልል ስል ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

«የታችኛው መንደር ልጅ ሲታመም አብሾ ጠጥቶ ነው ስትይ ሰምቼሽ።»

ማሚቴ አንገቷን ደፍታ ምስሩን በጣቷ ስታገላብጥ ቆየች። «ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «አላውቅም ነበር እኮ፣ ዝም ብዬ ነው ያልኩት።» በማግሥቱ ጠዋት አጥሚት ይዛ መጣች። ወገቧን ግን ለስለሺ አላሳየችውም።

ያኑ ዕለት ውባለም ይዛቸው ሄደች። ሐኪሙ ሽበት የጀመራቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ስለሺን ብቻውን አንድ ሰዓት አናገሩት፤ ከዚያ እናቱን ጠሩ። ሕመሙ ስም እንዳለው፣ እንደሚታከም፣ ጊዜ ግን እንደሚፈልግ ነገሯት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ሌሊት መተኛት፣ ቀን ከሰው ጋር መዋል፣ ፀሐይ ላይ መንቀሳቀስ አለበት። ሲናገር ሳይገሠጽ መደመጥ አለበት። «ባይድንልኝስ?» ብትላቸው፣ «ዛሬ ያመጡት ከነገ ይሻላል» አሏት። ቅጹን ሞልተው ፈረሙበት። ደበላ ሐሙስ ዕለት ወስዶ አስገባው።

ለውጡ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ ይህን ደብቆ መጻፍ ሌላ ውሸት ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሺ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። በወሩ ገላውን ራሱ ታጠበ። የሚያለቅስባቸው ቀኖች ነበሩ፤ እናቱም «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» ማለቷን ተወች፤ አጠገቡ ቁጭ ትልና ትፈትላለች። ስለዚያ በመንገድ ላይ ስለተጋደመው ልጅም አንድ ቀን ሁለቱ ስሙን ጠርተው አወሩ። ደበላ እሑድ እሑድ እየመጣ ዳማ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሲጫወቱ ደበላ እሱም እንቅልፍ እንዳጣ ለስለሺ ነገረው። በውባለም በኩል ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ሐኪሙ መሄድ ጀመሩ። የታችኛው መንደር ልጅ እናትም የብርቅነሽን ወሬ ሰምታ አንድ ቀን መጣች፤ በር ላይ ቆማ አልሄደችም፣ ገብታ ተቀመጠች። እንዴት እንደ ጀመረው፣ ማን እንዳየው፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚመስል ጠየቀች። ስትወጣ ልጇን ለሐኪም ለማሳየት ቆርጣ ነበር።

ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት የእኛን ምኞት ተሸክመው ነው፤ ሸክሙ እንደከበዳቸው የሚነግሩን ሊሰማ የተዘጋጀ ጆሮ ካዩ ነው። የታመመን ልጅ ከሰው መደበቅ ሕመሙን አያሳጥርም። ብርቅነሽ ሁለት ወር ዘግይታለች፤ ያንን ሁለት ወር ዛሬም ስታስበው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ሳይነገር የቀረው የአበራሽ ነገር ነው። ለፀሐዬ የነገረችው ራሷ አበራሽ ናት፤ እናቷ እነግራለሁ ብላ አልቻለችም። ፀሐዬ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ «እናቴን ላማክር» አለ። ፋሲካ ሆነ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። የፀሐዬ እናት ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሰላምታቸውን በአንገት ብቻ አደረጉት።

ብርቅነሽ አንድ ጠዋት የአበራሽ እግር ላይ ለመውደቅ ምንም አልቀራትም። «እኔ ነኝ ትዳርሽን ያፈረስኩት። ዝም ብል ኖሮ...»

«ዝም ብትይ ኖሮ ከሠርጌ በኋላ ያውቁት ነበር» አለች አበራሽ ጫማዋን እያሰረች። «ያኔ እኔንስ የት ልትደብቂኝ ነበር? ራሽያ ለሁለታችን አትበቃም።» ወደ ፋብሪካዋ ልትሄድ ወጣች። ዓይኖቿ ማበጣቸውን ግን እናቷ አይታለች፤ አላየሁም አላለችም።

ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ሚያዝያ አለቀ። ሰኔ ላይ ፀሐዬ ቀጨኔ አካባቢ ያለች ሌላ ልጅ አጨ። በመስከረም ወር መጨረሻ ስለሺ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። አበራሽ እናቷ ቤት ቀረች።